በሁከት ዘመን የተጻፈ የገንዘብ ደብዳቤ

ባለፈው ዓመት የታሪክ አስተማሪያችን፥ «ከየቤታችሁ አሮጌ ወረቀት ፈልጋችሁ አምጡ፤ ታሪክ የሚጻፈው ከወረቀት ነው» ብለው አዘውን ነበር። ከክፍላችን አንዱ የአያቱን የግብር ደረሰኝ፥ ሌላው ቤተ ሰቡ ስለ መሬት የተከራከረበትን ማመልከቻ፥ አንዲት ተማሪ ደግሞ አባቷ በውትድርና ሳሉ ለእናቷ የጻፉትን ደብዳቤ ይዘው መጡ። ከሐመር የመጣው ጓደኛችን ግን ባዶ እጁን ገባ። «የአንተስ ወረቀት የት አለ?» ተብሎ ቢጠየቅ፥ «የእኛ ቤት ዕዳ የተጻፈው በአባቴ አፍ ላይ ነው» ብሎ መለሰ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኛም ከሳቁት መካከል ነበርን፤ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣንም ያ ሳቅ ነው።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል የቈጠርን ልጆች እንደ መሆናችን ወረቀትን ማክበር ከሕፃንነታችን የለመድነው ነገር ነው። ያልተጻፈ ነገር ያልተደረገ ያህል ይመስለን ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ግን፥ «ወረቀት የነበራቸው ሰዎች በጭንቅ ጊዜ ወረቀታቸው ምን ያህል ጠቀማቸው?» ብለን መመርመር ጀመርን። ለዚህም የመረጥነው ዐሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ነው። ምክንያቱም በጎንደር ብዙ የተጻፈበት፥ ብዙም የታወከበት ዘመን ስለ ሆነ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ጽፈነዋል፤ የሁለት አገር ወረቀት ስለምንመለከት ሁለቱን አቈጣጠር ማደባለቁ አንባቢን ያደክማል ብለን ነው።

አስቀድመን የዘመኑን ሁናቴ በአጭሩ እንናገር። ዐፄ ኢያሱ ዳግማዊ በ1755 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ልጃቸው ኢዮአስ ገና ሕፃን ሳሉ ነገሡ፤ አያታቸው እቴጌ ምንትዋብም መንግሥቱን እንደ ያዙ ቈዩ። የእቴጌይቱ የቋራ ወገንና የንጉሡ እናት የኦሮሞ ወገን እርስ በርሳቸው መቀናቀን በጀመሩ ጊዜ፥ የትግሬው ገዥ ራስ ሚካኤል ስሑል ወደ ጎንደር ተጠሩ። ለርዳታ የተጠሩት ሰው የቤቱ ጌታ ሆኑ። በ1769 ዓ.ም. ኢዮአስ ተገደሉ፤ በእግራቸው ሽማግሌው ዮሐንስ ዳግማዊ ነገሡና በዚያው ዓመት ሞቱ፤ ልጃቸው ተክለ ሃይማኖትም ዙፋኑን ወረሱ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ነገሥታት ማለት ነው። ዘመነ መሳፍንት የሚባለውን ጊዜ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ከዚህ ዓመት ይቈጥሩታል።

በዚሁ በ1769 ዓ.ም. በመስከረም ወር ጄምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ሰው በመርከብ ምጽዋ ደረሰ። ዕድሜው ሠላሳ ስምንት ነበር፤ የአባይን ምንጭ ለማየት የመጣ ነው። በአገሩ ኪኔርድ የሚባል ርስት ነበረው። ከርስቱ የሚወጣውን የድንጋይ ከሰል ካሮን ለተባለው የብረት ፋብሪካ ይሸጥ ነበርና ለጉዞው የሚሆነውን ገንዘብ በዚህ አገኘ። እንግዲህ በስኮትላንድ መሬት ውስጥ የተቈፈረ ከሰል በጎንደር ገበያ ጨውና እህል ሊገዛ ነው። ነገር ግን ከሰሉ ራሱ አይጓዝም፤ ወርቁንም በከረጢት ይዞ በረሓ ማቋረጥ ለወንበዴ ድግስ መደገስ ነው። ስለዚህ የሚጓዘው ደብዳቤ ነበር።

የብድር ደብዳቤ አሠራር እንዲህ ነው። መንገደኛው በአንድ ከተማ ላለ ነጋዴ ገንዘቡን ያስቀምጣል ወይም ዋስ ይጠራል፤ ነጋዴው ደግሞ በሌላ ከተማ ላለው ሸሪኩ፥ «ይህን ደብዳቤ ለሚያሳይህ ሰው ይህን ያህል ስጠው፤ እኔ እከፍልሃለሁ» ብሎ ይጽፋል። ወረቀቱ ለሌባ ምንም አይጠቅመውም፤ ጠቃሚነቱ ሁለቱ ነጋዴዎች እስከሚተዋወቁና እስከሚተማመኑ ድረስ ብቻ ነው። ዛሬ በጂንካ ባንክ ገብተን ከአዲስ አበባ የተላከልንን ገንዘብ ስንቀበል የምናደርገው ነገር ከዚህ እጅግ የራቀ አይደለም።

ብሩስ ከገንዘብ ደብዳቤው ሌላ የአደራ ደብዳቤዎችም ነበሩት። በካይሮ የግሪኮቹ ፓትርያርክ ማርቆስ በኢትዮጵያ ለሚኖሩት ግሪኮች ጽፈውለታል። በጂዳ ደግሞ የመካው ሸሪፍ ሹም ሜቲካል አጋ ለምጽዋው ናይብና ለራስ ሚካኤል ጻፈለት። ብሩስ የሚያይበት መነጽርና ኮከብ የሚለካበት መሣሪያ ብዙ ነበረው፤ ከሁሉ የሚበልጠው ጓዙ ግን ይህ የወረቀት ጥቅል ነው ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

ወረቀቱ እንዴት ሠራለት? በምጽዋ ናይቡ ደብዳቤውን ተቀብሎ ሲያበቃ ወርቅ ጠየቀ፤ ብሩስንም ሁለት ወር ያህል አጕላላው። ሊያጠፋው ግን አልደፈረም፤ ከደብዳቤው በስተኋላ የሚፈራቸው ሰዎች ነበሩና። የናይቡ የወንድም ልጅ አሕመድም ከብሩስ ጋር ወዳጅነት ስላደረገ መንገዱን አቃናለት። በዐድዋ ያኒ የሚባለው ግሪካዊ እንደ ዘመድ ተቀበለው፤ እዚያ ደብዳቤው እንደሚገባው ሠራ። በየካቲት ወር 1770 ዓ.ም. ጎንደር ሲደርስ ግን ራስ ሚካኤልና ንጉሡ በዘመቻ ላይ ነበሩ፤ ደብዳቤ የተጻፈላቸው ሌሎች ሰዎችም አልተገኙም። አንድ ሙሉ ጥቅል አደራ ይዞ የሚሰጠው ሰው አጣ፤ በእስላሞች ሰፈር አደረ። በኋላ በከተማው ፈንጣጣ ገብቶ ነበርና፥ ብሩስም ጥቂት ሕክምና ያውቅ ስለ ነበር፥ በቍስቋም ወደ እቴጌ ምንትዋብ ግቢ ተጠራ። ደብዳቤ ያልከፈተለትን በር ፈንጣጣ ከፈተለት ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስጠንቀቅ ይገባናል። ብሩስ ይህን ሁሉ በመጽሐፍ ያሳተመው በ1790 ዓ.ም. ነው፤ ካየው ከብዙ ዓመታት በኋላ ማለት ነው። ራሱንም ማመስገን ይወዳል። ወደ ግሽ ዓባይ በኅዳር 1770 ዓ.ም. በደረሰ ጊዜ ከአውሮፓ ሰው የመጀመሪያው እኔ ነኝ ብሎ ተመካ፤ ነገር ግን ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ዓ.ም. ከዚያው ስፍራ ደርሶ ነበር። ስለዚህ ብሩስ ስለ ጀግንነቱ የሚናገረውን ግማሹን ትተን፥ ስለ ገንዘብ ችግሩ የሚናገረውን ብናምን ይሻላል ብለን እናስባለን፤ ሰው በድህነቱ ብዙ አይመካምና።

በጎንደር ያኔ የተቀረጸ የአገር ገንዘብ አልነበረም። ትልቁ ክፍያ በወቄት የሚመዘን ወርቅ፥ ትንሹ ደግሞ አሞሌ ጨው ነበር። ጨው የሚቈረጠው በአፋር ቆላ ነው፤ በትግራይ በኩል ተጭኖ ወደ መሐል አገር ይገባል፤ ከተቈረጠበት ቦታ በራቀ ቍጥር ዋጋው ይጨምራል። ስለዚህ የትግራይን በር የያዘ ጌታ የጨውንም የጠመንጃንም መንገድ ይዟል፤ የራስ ሚካኤል ኀይል አንዱ ምንጭ ይህ ነው። ሰራዊት መንገዱን ሲዘጋ ደግሞ በጎንደር ያለች ባልቴት ወጥዋ ውስጥ ትንሽ ጨው ለመጨመር ስንት ጊዜ ታስብ እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም።

ከዚህ ገበያ ስለ ሰው ሽያጭ ሳንናገር ብናልፍ ግን ታሪኩን ሸፋፍነን አለፍን ማለት ነው። በዚያ ዘመን ከደቡብና ከደቡብ ምዕራብ አገሮች የተማረኩ ሰዎች በሲራራ ነጋዴ እየተነዱ ወደ ሰሜን ገበያና ወደ ባሕር ይወርዱ ነበር። በነጋዴው ሒሳብ ውስጥ የሚገቡት በዋጋቸው ነው። ከእኛ ወገን ያሉ ሕዝቦች መጀመሪያ በወረቀት ላይ የታዩት ምናልባት እንዲህ ሆነው ይሆናል ብለን ስናስብ፥ ወረቀት የሌለው ሕዝብ ሁሉ ያፍር ዘንድ አይገባውም አልን።

አሁን ስለ ጎንደር ሰዎች ራሳቸው ወረቀት እንናገር፤ ከሁሉ ይበልጥ ያስደነቀን ይህ ነው። የጎንደር ሰው ስለ ገንዘቡ የጻፈው ከብራና መጻሕፍት ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ነው። አንድ ሰው መሬት ሲሸጥ ወይም ሲያወርስ ጉዳዩ በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ላይ ይጻፋል፤ ዘራፊ ቤት ቢያቃጥል ቤተ ክርስቲያን ትተርፋለች፥ ወንጌልን የሚደፍርም ጥቂት ነው ተብሎ ይታሰብ ነበርና። ዶናልድ ክራሚ የተባሉት የታሪክ ሊቅ እንዲህ ያሉትን ጽሑፎች ለብዙ ዓመታት መርምረው በ2000 ዓ.ም. ስለ መሬትና ስለ ኅብረተ ሰብ ሰፊ መጽሐፍ አሳትመዋል። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት የቍስቋም ቤተ ክርስቲያንም የጕልት መዝገብ ነበራት።

በእነዚህ ማስታወሻዎች ውስጥ የሻጩና የገዥው ስም አለ፤ ስንት ወቄት ወርቅ እንደ ተከፈለ አለ፤ የዋሱ ስም አለ፤ ከዚያ በኋላ በቦታው የነበሩት ምስክሮች ስም ይከተላል፤ በመጨረሻ ውሉን የሚያፈርሰውን የሚያወግዝ ቃል ይታተምበታል። ሴቶችም በሻጭነት፥ በገዥነትና በባለ ርስትነት በብዛት ይገኛሉ። በነገሥታቱ ዜና መዋዕል ውስጥ ስማቸው የማይነሣ ሴቶች በዚህ ኅዳግ ላይ የራሳቸውን ገንዘብ ሲቈጥሩ እናያቸዋለን። ቋንቋውም ሁልጊዜ ንጹሕ ግዕዝ አይደለም፤ ሰው ስለ ገንዘቡ ሲናገር በሚናገርበት በአማርኛ ይደባለቃል።

አንባቢ እዚህ ላይ ትንሽ ይቈይልን። ከማስታወሻው ውስጥ ብዙ ስፍራ የሚይዘው የምስክሮች ዝርዝር ነው። እኛ በመጀመሪያ ስናነብ ይህን ዝርዝር እየዘለልን ነበር፤ አሰልቺ መስሎን። በኋላ ግን ገባን። ወረቀቱ ራሱ አይመሰክርም፤ ነገሩ በተከራከሩበት ቀን እነማን ዘንድ ሄደን እንጠይቅ ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ነው። እንዲህ ያሉት ጽሑፎች ከክፍለ ዘመኑ አጋማሽ ወዲህ እየበዙ ሄደዋል። በእኛ አሳብ፥ ሹም በየዓመቱ በሚሻርበት ጊዜ የሹም ማኅተም ብዙ አያዋጣም፤ የማይሻር ግን ጎረቤት ነው።

ወደ ብሩስ እንመለስ። በግንቦት 1771 ዓ.ም. በሰርባኵሳ በተደረገው ውጊያ የራስ ሚካኤል ኀይል ተሰበረ፤ እሳቸውም ተማረኩ። ለራስ ሚካኤል የተጻፈ ደብዳቤ ከዚያ ቀን በኋላ ለማን ይሰጣል? በዚያው ሰሞን ወጣቱ ንጉሥ ለብሩስ 184 ቀለበት ያለው የወርቅ ሐብል ሸልመውት ነበር። አብሮት የመጣው ጣሊያናዊው ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ በጎንደር ሞተ። ብሩስ ራሱ በታኅሣሥ መጨረሻ 1771 ዓ.ም. ከተማዋን ለቆ በስናር በኩል ወደ አገሩ ጕዞ ጀመረ።

ስናር የደረሰው በ1772 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር መጨረሻ ነው። እዚያም ነገሩ ከጎንደር ጋር ይመሳሰል ነበር፤ ንጉሡ እስማኤል በዙፋን ላይ ተቀምጦ፥ ሥልጣኑ ግን በሐመጅ ሹማምንት እጅ ነበር። (ሐመጅ የሚለውን ስም ከሐመር ጋር አንባቢ እንዳያምታታው፤ ምንም አይገናኙም።) ብሩስ በዚያ ከተማ ለሚኖር ሐጂ ቢላል ለሚባል ነጋዴ የተጻፈ የብድር ደብዳቤ ይዞ ነበር። በዚህ ተማምኖ የቀረውን ገንዘብ ጨርሷል። ሐጂ ቢላል ግን ገንዘቡን ሊሰጠው አልፈቀደም። ወረቀቱ ያው ነው፤ ፊደሉ አልተለወጠም፤ ነገር ግን የሚያከብረው ሰው ታጣ። እኛ ነጋዴውን ለመውቀስ አንቸኵልም፤ መንግሥት በሌለበት ከተማ ለማያውቀው መንገደኛ ወርቁን ቢሰጥ ማን ይከፍለው ነበር?

ብሩስ በስናር አራት ወር ያህል እንደ እስረኛ ተቀምጦ፥ በመጨረሻ የንጉሠ ነገሥቱን ሽልማት እየቈረጠ ሸጠ። ከ184ቱ ቀለበቶች ጥቂቶቹ ብቻ ተረፉት፤ በቀሩት ግመል ገዝቶ በመስከረም ወር ወጣ። በኑብያ በረሓ ግመሎቹ አለቁና ወረቀቱንና መሣሪያውን ሁሉ አሸዋ ላይ ጥሎ በእግሩ አስዋን ገባ። ወረቀቱን ግን አልተወውም፤ ግመል ለምኖ ተመልሶ አነሣው።

አገሩ በ1774 ዓ.ም. ሲገባ እንደ ሞተ ተቈጥሮ ነበር። ከዘመድ ወገን ርስቱን የሚካፈሉት ተነሥተው፥ ነገሩ ከፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ያጨው ልጃገረድ ሌላ ሰው አግብታ ነበር። ከበረሓ አንሥቶ ያመጣው ወረቀት ብዙ ነው፤ ከዚያ ውስጥ መጽሐፈ ሄኖክ የተጻፈበት ብራና ለአውሮፓ ሊቃውንት እንግዳ ነገር ሆነ። ብሩስ ከዚህ ሁሉ መከራ ድኖ፥ በ1794 ዓ.ም. በገዛ ቤቱ ደረጃ ወድቆ ሞተ።

ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ በዕረፍት ጊዜ ከሐመሩ ጓደኛችን ጋር በቀይ አፈር በኩል ወደ ዲመካ ሄድን። ቀኑ ቅዳሜ፥ ገበያ ነበር። አባቱን ከዛፍ ጥላ ሥር፥ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሸፈሮ ሲጠጡ አገኘናቸው። ጓደኛችን ነገሩን በሐመርኛ አስረዳቸው፤ «ስለ ዕዳ ሊጠይቁህ መጥተዋል» ቢላቸው መጀመሪያ ቀረጥ ሰብሳቢ የመጣ መስሏቸው ደነገጡ፤ በኋላ ሳቁ። ያን ሳቅ የሚገባን አድርገን ተቀበልነው።

እንደ ነገሩንም፥ ሐመሮች ቤል የሚሉት ወዳጅነት አለ። ሰው ከብቱን ሁሉ በአንድ በረት አያከማችም፤ በየአገሩ ባሉ ቤሎቹ ዘንድ ያስቀምጣል። በአንድ በኩል ድርቅ ቢገባ ወይም ዘራፊ ቢመጣ፥ በሌላ በኩል ያለው ይተርፋል። ቤል የሆነ ሰው በችግር ቀን ሲመጣ ባዶ እጁን አይመለስም። ይህ ወዳጅነት በሐመር ብቻ አይወሰንም፤ ወደ ጎረቤት ሕዝብም ይሻገራል። ቀኑንም የሚቈጥሩት በቋጠሮ ነው። ለከብት ዝላይ በዓል ሰው ሲጠሩ የተቋጠረ ገመድ ይልካሉ፤ የተጠራው በየቀኑ አንድ ቋጠሮ ይፈታል፤ ቋጠሮው ሲያልቅ በዓሉ ደርሷል። እኛም ብሩስ ምጽዋ ላይ ስላጠፋው ሁለት ወር አሰብን፤ እንዲህ ያለ ገመድ ቢይዝ ኖሮ ብዙ ቋጠሮ በፈታ ነበር።

ከዚያ አባቱ ከብቶቻቸውን ይቈጥሩልን ጀመር። ከበና ሰው ዘንድ ያለችውን ጊደር፥ ከጸማይ ሰው ዘንድ ያሉትን ፍየሎች፥ ካራ ያለ ወዳጃቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ የያዘላቸውን ላም ከነልጆቿ፥ የእያንዳንዷን ቀለምና የቀንዷን አቀማመጥ እየጠሩ ዐሥራ አንድ ሰዎች ቈጠሩ። አንድ ጊዜም አልተደናቀፉም። አንደኛው ሽማግሌ ብቻ፥ «ያቺ ጊደር ዘንድሮ ወልዳለች» ብለው አረሟቸው፤ እሳቸውም ተቀበሉ። እኛ በደብተራችን ላይ ጻፍነው። ጽፈን ስንጨርስም በኩራት አነበብንላቸው።

አባቱ ዝም ብለው ሰሙና፥ «ልጆቼ፥ ይህን ስናገር እነማን ይሰሙ ነበር? የእነሱ ስም የት አለ?» አሉን።

አልጻፍነውም ነበር። ስለዚህ ተቀምጠን የሁለቱን ሽማግሌዎች ስም፥ የጓደኛችንን ስም፥ ሸፈሮ የቀዳችልንን ሴት ስምና የራሳችንን ስም ከግርጌ ጨመርን። ወረቀቱን ብንሰጣቸው፥ «እናንተ ያዙት፤ እኔ አለኝ» አሉን። እስካሁን ከታሪክ ደብተራችን መካከል ተቀምጧል። ጓደኛችን በቅርቡ አይቶት ሁለቱን ስሞች በተሳሳተ ፊደል እንደ ጻፍናቸው ነገረንና አረምናቸው።